በቤት የሚሠሩ ማጽጃዎችና የገላ መንከባከቢያዎች፦ የትኛውን እንሥራ፣ የትኛውን እንተው?

ሚዛን በእጅ

በቤት ውስጥ ስለሚሠሩ ሳሙናዎች፣ ቅባቶችና ማጽጃዎች እዚህ በየጊዜው ጥያቄ ይቀርባል፤ አብዛኛውም «ይህን መሥራት ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» የሚል ነው። እኔ ግን ከዚያ በፊት መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ ባይ ነኝ፤ ይኸውም ልንሠራው ያሰብነው ነገር ውስጡ ውሃ አለበት ወይስ የለበትም የሚለው ነው።

ባክቴሪያም ሆነ ሻጋታ ያለ ውሃ አይራባም። ስለዚህ ደረቅ ዱቄት፣ እንዲሁም ከዘይትና ከሰም ብቻ የተሠራ ቅባት፣ እርጥብ ጣት እስካልገባበት ድረስ ለወራት ሳይበላሽ ይቆያል፤ ውሎ አድሮ የሚያጋጥመው ችግር ቢኖር ዘይቱ አየር እየነካው መሽተቱ ነው። በአንጻሩ ውሃ፣ የአበባ ውሃ፣ የእሬት ፈሳሽ ወይም የተቀቀለ ቅጠል የገባበት ማንኛውም ሎሽን ወይም የሚረጭ ፈሳሽ ከተሠራበት ሰዓት ጀምሮ ለተዋሕስያን የተመቸ መኖሪያ ይሆናል። አሳሳቢው ነገር ደግሞ ችግሩ ቶሎ የማይታይ መሆኑ ነው። መልኩ ሳይለወጥ፣ ሽታውም እንደነበረ ሆኖ፣ በእያንዳንዷ ጠብታ ውስጥ እጅግ ብዙ ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል፤ ከእነዚህም መካከል እንደ ሱዶሞናስ ያሉት ዓይን ውስጥ ወይም የቆሰለ ቆዳ ላይ ሲደርሱ ከባድ ኢንፌክሽን ያስከትላሉ። ማቀዝቀዣ እድገታቸውን ያዘገየዋል እንጂ አያስቆመውም።

በዚህ መሠረት የራሴን ድንበር እንዲህ አስምሬአለሁ። ደረቁንና ቅባቱን ሳልሰጋ እሠራለሁ፤ ውሃ ያለበትን ለዕለቱ ብቻ እሠራና የተረፈውን እደፋለሁ፤ ለሳምንታት እንዲቀመጥ የሚፈለገውን ውሃማ ክሬም ግን ተዋሕስያን እንዳይራቡ የሚከላከለውን ንጥረ ነገር፣ ማለትም ማቆያ፣ አጨማመሩን በአግባቡ የተማረ ሰው ካልሆነ በቀር ባይሠራው ይሻላል እላለሁ። ጠጣር ሳሙና በውሃ ቢሠራም ከዚህ ደንብ ውጭ ነው፤ ቤዝነቱ (የአሲድ ተቃራኒ የሆነው ባሕርዩ) ከፍተኛ ስለሆነና ሲደርቅ አብዛኛው ውሃ ስለሚተንለት ባክቴሪያ አይመቸውም።

ሁለተኛው ጥያቄ የፒኤች፣ ማለትም የአሲድነትና የቤዝነት መለኪያ፣ ጉዳይ ነው፤ ከ7 በታች አሲድ፣ ከ7 በላይ ቤዝ ነው። የጤናማ ቆዳ ገጽ በትንሹ አሲዳማ ነው፤ ፒኤቹ በአብዛኛው 5 አካባቢ ይውላል። ለምድጃ ወይም ለወለል ፍጹም ተስማሚ የሆነ ነገር ለብብት ወይም ለፊት ተስማሚ ነው ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ብዙዎቹ በየቦታው የሚለጠፉ አሠራሮች ይህን ልዩነት ዘንግተው አንዱን ዱቄት ለሁሉም ያዛሉ። የምትስማሙበትንም የማትስማሙበትንም ለመስማት ዝግጁ ነኝ።

አረፋ ወዳጅ

ስለ ማብራሪያዎ አመሰግናለሁ። ከማጽጃው እንጀምርና፣ እኔ ለረጅም ጊዜ አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ አንድ ላይ እየቀላቀልኩ ለሲንክ፣ ለመታጠቢያ ቤት ግድግዳና ለመስታወት እጠቀማለሁ። አረፋው እየፈላ ቆሻሻውን ሲያነሣው በዓይኔ ስለማየው ኃይለኛ ማጽጃ እንደሆነ አልጠራጠርም። ቀላቅዬ በጠርሙስ ባስቀምጠው ከደንብዎ አንጻር ችግር ይኖረዋል?

ላቦራቶሪ ጥግ

አረፋ ወዳጅ፣ ይህ ጥያቄ በጠርሙስ ከማስቀመጡ በፊት ሌላ ችግር አለበት። አቼቶ አሲድ ነው፤ ቤኪንግ ሶዳ ደግሞ ቤዝ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ኃይል ይሰብርና ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ውሃና ሶዲየም አሲቴት የሚባል ጨው ይተርፋል። የሚያዩት አረፋ የዚያ ጋዝ መውጣት ነው፤ ጋዙ ሲያበቃ በእጅዎ የሚቀረው በጥቂቱ ጨዋማ የሆነ ውሃ ነው።

መጠኑን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ለምግብነት የሚሸጥ አቼቶ በአብዛኛው 5 በመቶ አሴቲክ አሲድ አለው፤ ስለዚህ በ1 ሊትር ውስጥ 50 ግራም ያህል አሲድ ይገኛል ማለት ነው። 84 ግራም ቤኪንግ ሶዳ 60 ግራም አሴቲክ አሲድ ይጨርሳል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ወደ 14 ግራም የሚመዝን በመሆኑ፣ ያ አንድ ማንኪያ ብቻውን 200 ሚሊ ሊትር አቼቶን ከጥቅም ውጭ ያደርጋል። ቆሻሻው የሚለቀው በመፈግፈግዎና በውሃው ምክንያት ነው። ድብልቁን በጠርሙስ ከድነው ካስቀመጡት ደግሞ ጋዙ መውጫ ስለሚያጣ ጠርሙሱን ሊያፈነዳው ይችላል።

ለየብቻቸው ግን ሁለቱም ጠቃሚ ናቸው። አቼቶ በማንቆርቆሪያና በቧንቧ አፍ ላይ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ያሟሟል፤ ቅርፊቱ ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ በአሲድ ይፈርሳል። ለዚህ ሥራ እኔ ሲትሪክ አሲድን እመርጣለሁ፤ ሽታ የለውም፣ በዱቄትነቱ ለረጅም ጊዜ ይቀመጣል፣ 30 ግራም ያህል በ1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ማሟሟት ይበቃል። ውሃው የፈላ እንዳይሆን፤ ሙቀቱ ሲበዛ ካልሲየም ሲትሬት በቀላሉ ስለማይሟሟ ሌላ ዝቃጭ ሊተው ይችላል። ቤኪንግ ሶዳ ደግሞ ትንሽ ውሃ ተጨምሮበት እንደ ሊጥ ሲሆን ድስትና ሲንክ ሳይቧጭር ይፈገፍጋል። እብነ በረድና ሌሎች ከኖራ ድንጋይ የተገኙ ገጾች ላይ ግን አሲድ የሚባል ነገር አይድረስ፤ ከቅርፊቱ ጋር የሚሠሩት ከአንድ ዓይነት ማዕድን ስለሆነ አሲዱ ድንጋዩንም ይበላዋል፤ አንጸባራቂነቱንም ያጠፋዋል።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። አቼቶም ሆነ ሲትሪክ አሲድ ከበረኪና ጋር ከተገናኘ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ በረኪና ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ክሎራሚን ይፈጠራል። ሁለቱም ሳንባን ይጎዳሉ። አቼቶንና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን በአንድ ጠርሙስ ማዋሃድም ፐርአሴቲክ አሲድ የተባለ ቆዳን፣ ዓይንንና መተንፈሻን የሚያቃጥል ነገር ይፈጥራል። አንዱን ተጠቅመው ሌላውን ለመጠቀም ቢያስቡ እንኳ ገጹን በብዙ ውሃ ሳያጥቡ አይሞክሩት።

የሁለት ልጆች እናት

እኔ ደግሞ የማነሣው የሎሽን ጉዳይ ነው። ትንሿ ልጄ ቆዳዋ ቶሎ ይደርቃል፤ ክርኗና ጉልበቷ ላይም ሽፍታ አይጠፋም። ከእሬት ፈሳሽ፣ ከኮኮናት ዘይትና ከሺአ ቅቤ ሎሽን እየሠራሁ እቀባታለሁ። እንዳይበላሽ ቫይታሚን ኢ እና ጥቂት የላቬንደር ዘይት እጨምርበታለሁ፤ ሁለቱም ተፈጥሯዊ ማቆያዎች ናቸው ተብሎ ስላነበብኩ ነው። በሚዛን በእጅ ድንበር ይህ የተከለከለ መሆኑ ነው?

ሚዛን በእጅ

እህቴ፣ እኔ የመከልከል ሥልጣን የለኝም፤ ለራሴ ልጅ ግን ይህን አልቀባም፤ ምክንያቴንም ልዘርዝር።

ቫይታሚን ኢ የሚያደርገው ዘይቱ ከአየር ጋር ተዋህዶ እንዳይሸት ማዘግየት ነው። በባክቴሪያና በሻጋታ ላይ ግን የሚፈይደው የለም። ላቬንደርና ሌሎች መዓዛማ ዘይቶች በላቦራቶሪ አንዳንድ ተዋሕስያንን መግታታቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ሎሽንን ለማቆየት የሚያስፈልገው መጠን ቆዳ ከሚችለው በላይ ነው። ቆዳ በሚችለው መጠን ከጨመሩት ሽታው ጥሩ ይሆናል እንጂ ሎሽኑ አይጠበቅም። የእሬቱ ፈሳሽ ደግሞ ስኳርና ውሃ በአንድነት ያለበት በመሆኑ ባክቴሪያው ምግቡንም መጠጡንም አብሮ ያገኛል።

በእርግጥ የሚሠሩ ማቆያዎች አሉ። ፊኖክሲኢታኖል የሚባለው በአውሮፓ ኅብረት የመዋቢያዎች ሕግ እስከ 1 በመቶ ይፈቀዳል። ሶዲየም ቤንዞኤትና ፖታሲየም ሶርቤት ደግሞ የሚሠሩት ፈሳሹ አሲዳማ ሲሆን ብቻ ነው፤ ፒኤቹ ከ5 በላይ ከሆነ ብዙም አይጠቅሙም። ስለዚህ የፒኤች መለኪያ ወረቀት፣ ግራምን በአሥረኛ የሚለካ ሚዛንና በጥንቃቄ የጸዱ ዕቃዎች ያስፈልጋሉ። ይህን ማሟላት ለሚፈልግ ሰው መንገዱ ክፍት ነው።

ለልጅዎ ግን ቀላሉ መንገድ ውሃውን ማውጣት ነው። ውሃ የሌለበት ቅባት ማቆያ አይፈልግም፤ ገላዋን ታጥባ ቆዳዋ ገና እርጥብ እያለ ስስ አድርገው ቢቀቧት ቅባቱ ያንን እርጥበት ይዞ ስለሚያስቀር ሎሽኑ ሊሠራላት የታሰበውን ሥራ ይሠራል። የላቬንደሩን ነገር ግን ሙሉ በሙሉ ይተዉት። መዓዛማ ዘይቶች በተለይ ከቆዩና አየር ከነካቸው በኋላ አለርጂ ያመጣሉ፤ ሽፍታ ያለበት ቆዳ ደግሞ መከላከያው የተዳከመ ስለሆነ ለአለርጂ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ሽፍታው የሚያሳክካት፣ የሚሰነጠቅ ወይም ፈሳሽ የሚያወጣ ከሆነ ጉዳዩ የቅባት አሠራር ሳይሆን የሐኪም ነው።

ጥርጥር አያጣም

ሁላችሁንም በጥሞና አነበብኩ፤ ሆኖም መሠረታዊው ጥያቄ ሳይነሣ የቀረ ይመስለኛል። ይህን ያህል ሚዛን፣ የፒኤች ወረቀትና ጓንት የሚያስፈልግ ከሆነ ለምን እንደክማለን? በፋብሪካ የሚመረተው ሎሽን ከመሸጡ በፊት ሆን ተብሎ ባክቴሪያ እየተጨመረበት ማቆያው መሥራት አለመሥራቱ ይፈተሻል። በኩሽና የሠራነውን የሚፈትሽልን ማን ነው? ከአበባና ከቅጠል የተገኘ ነገር ሁሉ ለቆዳ የዋህ ነው የሚለው እምነት ደግሞ በተግባር ሲታይ አይጸናም። የሎሚ ጭማቂ ወይም የቤርጋሞት ዘይት የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ጥቁር ጠባሳውም ለወራት አይለቅም። ምክንያቱ ፉራኖኩማሪን የተባሉት የተክሉ የራሱ ንጥረ ነገሮች ናቸው።

በቤት የሚሠራ የጥርስ ሳሙናም አለ፤ ቤኪንግ ሶዳና የኮኮናት ዘይት ነው። ጥርስን ከመቦርቦር በመከላከል ረገድ በማስረጃ የተረጋገጠለት ፍሎራይድ ነው፤ ለአዋቂዎች የሚመከረውም የጥርስ ሳሙና በኪሎ ግራም ከ1000 እስከ 1500 ሚሊ ግራም ፍሎራይድ ያለበት ነው። በቤት የተሠራው ይህ የለውም። ዚንክ ኦክሳይድን ከቅባት ጋር በማንኪያ አማስለው የፀሐይ መከላከያ ሠራን የሚሉትንማ ከመከራከር መቆጠብ ይሻላል፤ ዱቄቱ እየተጓጎለ ቆዳው ላይ ባዶ ቦታ ይተዋል፤ የመከላከል አቅሙንም በቤት ውስጥ መለካት የሚቻልበት መንገድ የለም።

ንብ አንቢ

ጥርጥር አያጣም፣ ስለ ጥርስ ሳሙናውና ስለ ፀሐይ መከላከያው ከእርስዎ ጋር ነኝ። «ለምን እንደክማለን?» ለሚለው ግን መልስ አለኝ። ባለቤቴ ሽቶ የገባበት ነገር ቆዳዋን ከነካው እጇ እስከ ክንዷ ይቀላል፤ በገበያ ያለው ቅባት ደግሞ «ሽታ የሌለው» ተብሎ ተጽፎበት እንኳ የሌላውን ሽታ የሚሸፍን መዓዛ ሊኖረው ይችላል። ሁለት ነገር ብቻ የገባበት ቅባት ስሠራ ግን ምን እንደገባበት በትክክል አውቃለሁ፤ ቆዳዋ ቢቆጣ እንኳ ተጠርጣሪዎቹ ሁለት ብቻ ናቸው። ይህ ለእኔ በቂ ምክንያት ነው።

ለሁለት ልጆች እናትም እንዲጠቅም የምሠራበትን መንገድ ልንገራችሁ። በክብደት 1 እጅ ንጹሕ የንብ ሰም ለ4 እጅ ዘይት እወስዳለሁ፤ ለስለስ ያለ ቅባት ሲያስፈልግ ዘይቱን እስከ 6 እጅ አደርሰዋለሁ። የንብ ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ስለሆነ እሳት ላይ በቀጥታ ማስቀመጥ አያስፈልግም፤ ማሰሮው ውስጥ ውሃ አፍልቶ የሰሙን ዕቃ በላዩ ማስቀመጥ ይበቃል። በቀጥታ እሳት ላይ የተረሳ ሰም ይጨሳል፣ ከዚያም ይቀጣጠላል፤ በተቀጣጠለ ሰም ላይ ደግሞ ውሃ መድፋት እሳቱን ይረጨዋል እንጂ አያጠፋውም። የውሃው እንፋሎት ወደ ቅባቱ እንዳይንጠባጠብም መጠንቀቅ ነው፤ ዕቃውን ሳነሣ መጀመሪያ ግርጌውን በደረቅ ጨርቅ አብሳለሁ።

ሁሉም ቀልጦ መልኩ እንደ መስታወት ጥርት ሲል አንድ ቀዝቃዛ ማንኪያ ነክሬ አወጣለሁ። ማንኪያው ላይ የያዘው ስስ ድርብርብ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይደፈርሳል፣ ይረጋልም። በጣቴ ገፋ ሳደርገው ጠርዙ ሳይሰበር የሚታጠፍና ቆዳ ላይ ሲሻሽ ወዲያው የሚለሰልስ ከሆነ ልክ ነው፤ እንደ ሻማ ከተላጠ ዘይት ይፈልጋል፤ ጣቴን ተከትሎ ከተንሸራተተ ሰም ይጎድለዋል። ይህን ፈተና ሳያደርጉ ወደ ጠርሙስ መገልበጥ መልሶ ማቅለጥን ያስከትላል።

ሺአ ቅቤ የሚያስገባ ሰው ደግሞ ቅባቱን በዝግታ እንዲቀዘቅዝ አይተወው። በውስጡ ያሉት ስቦች የሚረጉበት የሙቀት መጠን የተለያየ ስለሆነ፣ ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ አንዱ ቀድሞ ይረጋና እንደ አሸዋ የሚሻክሩ ፍሬዎች ይፈጠራሉ። ጉዳት የላቸውም፤ ግን ደስ አይሉም። ወዲያው ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባት መፍትሔው ነው። የተረፈውን ሰም በሲንክ መድፋት የቱቦ ጠላት መሆኑንም አትርሱ፤ ዕቃው ገና ሙቅ እያለ በወረቀት መጥረግ ነው።

ጥርጥር አያጣም

ሽታ መሸፈኛ ስለሚባለው የተናገሩት ትክክል ነው፤ በዚያ እስማማለሁ። ውሃ ለሌለበት ቅባት ተቃውሞዬን አነሣለሁ። ለሎሽኑ ግን አላነሣም።

ለስላሳ ጠጉር

ስለ ጠጉር ማንም አላነሣም። ሻምፑ ትቼ በቤኪንግ ሶዳ መታጠብና በአቼቶ ማለቅለቅ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። መጀመሪያ ላይ ጠጉሬ በጣም የጸዳ መሰለኝ፤ አሁን ግን ጫፉ እየተሰበረ ነው፣ የራስ ቅል ቆዳዬም ይነድዳል። አንዳንዶች ይህ የመሸጋገሪያ ጊዜ ነውና ታገሺ ይሉኛል። እስከ መቼ ነው የምታገሠው?

ሚዛን በእጅ

ከዛሬ በላይ አይታገሡ። የቤኪንግ ሶዳ ውህድ ፒኤች 8.3 አካባቢ ነው። የፒኤች መለኪያ በአንድ ቁጥር ሲጨምር ልዩነቱ አሥር እጥፍ ስለሆነ፣ 5 ከሆነው የቆዳ ገጽ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ከ1000 እጥፍ በላይ ነው። በዚህ ቤዝ ውስጥ የጠጉር ዘንግ ውሃ ይጠጣና ያብጣል፣ የላይኛው ቅርፊቱ ይገለጣል፣ ጠጉሮቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ ሲበጠሩም ይሰበራሉ። በኋላ የሚደረገው የአቼቶ ማለቅለቂያ ቅርፊቱን መልሶ ያስተኛል፤ የተሰበረውን ግን አይጠግንም። የሚነድድ ቆዳ ደግሞ እየተጎዳ መሆኑን እየነገረዎት ነው እንጂ እየተለማመደ አይደለም። ለስለስ ያለ ሻምፑ ይግዙ፤ በቤት መሥራት የሚያስደስትዎ ከሆነ ከታጠቡ በኋላ የጠጉርዎን ጫፍ በጥቂት የኮኮናት ዘይት ይቀቡ። የኮኮናት ዘይት ከብዙ ዘይቶች በተለየ ወደ ጠጉሩ ውስጥ የመዝለቅ ባሕርይ አለው።

በቤኪንግ ሶዳ የሚሠራው ዲኦዶራንት ላይም ያለኝ ሐሳብ ያው ነው። ብዙ ሰው ለተወሰነ ጊዜ ይስማማውና በኋላ ብብቱ መቅላትና መላጥ ይጀምራል።

ልብስ አጣቢ

ለልብስስ? የሳሙና ፍቅፋቂ ከሶዲየም ካርቦኔት ጋር ቀላቅለው በዱቄት መልክ የሚያስቀምጡ አሉ። ደረቅ ስለሆነ ከደንቡ አንጻር ያልፋል ብዬ አስባለሁ።

ላቦራቶሪ ጥግ

አይበላሽም፤ በዚያ በኩል ያልፋል። በደንብ ያጥባል ወይ ለሚለው ግን መልሱ በውሃዎ ላይ የተመሠረተ ነው። ሳሙና ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበት ውሃ ሲያገኝ የማይሟሟ ግራጫ ዝቃጭ ይሆናል፤ ባልዲ ጠርዝ ላይ የሚጣበቀው ማለት ነው። ይህ ዝቃጭ ጨርቁ ውስጥ ሲከማች ነጭ ልብስ ይደበዝዛል፣ ፎጣም ይደርቅና ውሃ መምጠጥ ያቆማል። ሶዲየም ካርቦኔቱ የካልሲየሙን ከፊል ቀድሞ ስለሚይዘው ያግዛል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አያድንም። ዲተርጀንቶች የተፈለሰፉት ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ነው፤ በእንዲህ ዓይነት ውሃም አይረጉም። ፎጣዎ ደርቆ ከሆነ ሲትሪክ አሲድ በገባበት ውሃ ዘፍዝፈው በደንብ ያለቅልቁት፤ ብዙው ይለቃል።

ሶዲየም ካርቦኔት ካጡ ከቤኪንግ ሶዳ መሥራት ይቻላል። ዱቄቱን በሰፊ ትሪ ስስ አድርገው ዘርግተው በ200 ዲግሪ ሴልሺየስ ኦቨን ውስጥ ለአንድ ሰዓት ያህል ይተዉት። መለወጡን በዓይን ማወቅ አይቻልም፤ ሚዛን ግን ይናገራል። ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወጣለት 100 ግራም የነበረው 63 ግራም ሲሆን ሥራው አልቋል። ከዚያ በኋላ ግን ጓንት ያድርጉ፤ የውህዱ ፒኤች ወደ 11 ስለሚደርስ ከቤኪንግ ሶዳ የበለጠ ኃይለኛ ነው፤ ለአሉሚኒየም ዕቃም አይሆንም።

ነጭ ጥጥ ለማንጣት ሶዲየም ፐርካርቦኔትን እመርጣለሁ። 40 ዲግሪና ከዚያ በላይ በሆነ ሙቅ ውሃ ሲሟሟ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይለቃል፤ የሚቀረው ሶዲየም ካርቦኔት ነው። ለሱፍና ለሐር አይሆንም። በውሃ በጥብጠው በተከደነ ጠርሙስ አያስቀምጡ፤ ኦክሲጅኑ መውጣቱን አያቆምም።

አዲስ ገቢ

ሳሙና ከመሠረቱ ለመሥራት አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ኮስቲክ ሶዳ የሚለውን ሳነብ ፈራሁ። ያለ ኮስቲክ ሶዳ በተፈጥሯዊ መንገድ መሥራት ይቻላል? ደግሞ አንዳንድ አሠራሮች ዘይቱን በሌላ ዘይት መተካት ይቻላል ይላሉ።

ላቦራቶሪ ጥግ

ያለ ቤዝ ሳሙና የለም፤ ኮስቲክ ሶዳም (ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ) ኃይለኛ ቤዝ ነው። ሳሙና ማለት የስብ አሲድና የቤዝ ጨው ነው፤ ይህን ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ዩጂን ሼቭሮል በ1823 ባሳተመው የስቦች ጥናት አስረድቶታል። በጥንት ዘመን ሰዎች ከእንጨት አመድ የሚያጠልሉት ፈሳሽም ቤዝ ነው፤ በዋናነት ፖታሲየም ካርቦኔት ስላለበት የሚወጣው ሳሙና ለስላሳ ይሆናል። ኃይሉ ከአመድ አመድ ስለሚለያይ ግን ለጀማሪ ከኮስቲክ ሶዳ የበለጠ አስቸጋሪ ነው። በትክክል ተመዝኖ በተሠራ ሳሙና ውስጥ ኮስቲኩ ከዘይቱ ጋር ተዋህዶ ያልቃል። ተዘጋጅቶ የተሠራ ሳሙና አቅልጦ በቅርጽ የማፍሰስ መንገድም አለ፤ እዚያም ቢሆን ኮስቲኩን ሌላ ሰው ቀድሞ ሠርቶበታል ማለት ነው።

መተካትን በተመለከተ ምሳሌ ልስጥ። 700 ግራም የወይራ ዘይትና 300 ግራም የኮኮናት ዘይት አለን እንበል። 1 ግራም የወይራ ዘይት 0.135 ግራም ገደማ፣ 1 ግራም የኮኮናት ዘይት ደግሞ 0.183 ግራም ገደማ ኮስቲክ ሶዳ ይጨርሳል። ስለዚህ 94.5 እና 54.9 ተደምሮ 149.4 ግራም ይሆናል። ከዚህ ላይ 5 በመቶ ቀንሰን 142 ግራም እናደርገዋለን፤ ይህም ጥቂት ዘይት ሳይዋሃድ ተርፎ ሳሙናውን እንዲያለሰልስና ኮስቲክ እንዳይተርፍ ዋስትና እንዲሆን ነው። አሁን ያንኑ 142 ግራም ይዘው ዘይቱን በሙሉ የወይራ ቢያደርጉት፣ 1 ኪሎ ግራም የወይራ ዘይት ሊጨርስ የሚችለው 135 ግራም ብቻ ስለሆነ 7 ግራም ኮስቲክ በሳሙናው ውስጥ ቀርቶ ቆዳ ያቃጥላል። ዘይት በተለወጠ ቁጥር ስሌቱ እንደ አዲስ ይሠራል።

ውሃው 284 ግራም ይሁን። ኮስቲኩ በቀስታ ወደ ቀዝቃዛ ውሃ ይጨመራል እንጂ ውሃ በኮስቲኩ ላይ አይደፋም፤ በተገላቢጦሽ ከሆነ በድንገት ፈልቶ ይረጫል። ሲሟሟ በራሱ እጅግ ስለሚሞቅና ጉሮሮንና ዓይንን የሚያቃጥል ጭስ ስለሚወጣው መስኮት ከፍቶ፣ የዓይን መከላከያና ጓንት አድርጎ፣ ሕፃናት በሌሉበት መሥራት የግድ ነው። የማይዝግ ብረት ወይም ሙቀት የሚችል ፕላስቲክ ይጠቀሙ፤ አሉሚኒየምን ይበላዋል፣ የሚቀጣጠል ሃይድሮጅን ጋዝም ይወጣዋል። ቆዳ ላይ ከተረጨ ወዲያውኑ በብዙ ውሃ ለረጅም ደቂቃዎች ማጠብ ነው፤ አቼቶ እያፈላለጉ ጊዜ ማባከን አይገባም። ዓይን ከነካ እያጠቡ ወደ ሕክምና መሄድ ነው።

ዘይቱና የኮስቲኩ ውህድ ለብ ብለው ሲዋሃዱ በእጅ ብሌንደር ይመታሉ፤ ከብሌንደሩ የሚንጠባጠበው በገጹ ላይ መስመር ትቶ ሳይሰምጥ ሲቆይ ወደ ቅርጽ ማውጫ ይገለበጣል። በማግስቱ ይቆረጣል፤ ከዚያም ከ4 እስከ 6 ሳምንት አየር በሚያገኘው ቦታ ይደርቃል። የደረሰ ሳሙና ፒኤች ከ9 እስከ 10 ይሆናል፤ ይህ የሳሙና ባሕርይ ነውና አቼቶ ጨምሬ ላስተካክለው አይበሉ፤ አሲድ ሳሙናውን መልሶ ወደ ስብ አሲድነት ይቀይረዋልና የተቋጠረ ቅባት ይሆናል።

የሁለት ልጆች እናት

ወደ ሰምና ዘይቱ እዞራለሁ፤ ላቬንደሩንም አወጣለሁ። በወረርሽኝ ጊዜ በቤት ስለሚሠራው የእጅ ማጽጃ አልኮልስ ምን ትላላችሁ? እርሱም ውሃ አለበት።

ሚዛን በእጅ

ውሃ አለበት፤ ነገር ግን አልኮሉ ራሱ ማቆያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው አሠራር ለ10 ሊትር 96 በመቶ ኢታኖል 8333 ሚሊ ሊትር፣ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ 417 ሚሊ ሊትር፣ ግሊሰሪን 145 ሚሊ ሊትር፣ ቀሪው ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ነው። በጠርሙስ ከተሞላ በኋላ ለ72 ሰዓት ሳይነካ ይቀመጣል፤ ፐርኦክሳይዱ በአልኮሉ የማይሞቱትን የባክቴሪያ ስፖሮች የሚያጠፋው በዚያ ጊዜ ነው። የእሬት ፈሳሽ በአልኮል ላይ ግማሽ በግማሽ የሚጨምሩት አሠራሮች አልኮሉን ከሚሠራበት መጠን በታች ያወርዱታል። ደግሞም የሚቀጣጠል ነገር ስለሆነ ምድጃ አጠገብ አይሠራም። ሳሙናና ውሃ በሚገኝበት ቤት ግን ለዚህ ሁሉ መድከም አይታየኝም።

አዲስ ገቢ

ላቦራቶሪ ጥግ፣ አሁን ፍርሃቴ ቀንሷል። ጓንትና መነጽር አለኝ። የኩሽናዬ ሚዛን ግን የሚያሳየው በ5 ግራም እየዘለለ ነው፤ 140 ቀጥሎ 145 ይላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ይበቃኛል?

ላቦራቶሪ ጥግ

አይበቃም። ለመጠባበቂያ የቀነስነው 5 በመቶ ከ7 ግራም ጥቂት የሚበልጥ ነው። ሚዛንዎ በኮስቲኩ ላይ 2 ወይም 3 ግራም ቢሳሳትና በዘይቱም ላይ እንደዚሁ ቢሳሳት፣ ጥቂት ዘይት ደግሞ ዕቃው ላይ ተጣብቆ ቢቀር፣ ያ መጠባበቂያ ሊያልቅ ጥቂት ይቀረዋል። ኮስቲክ ሶዳው ራሱ ከአየር እርጥበት እየሳበ ስለሚከብድ የተከፈተ ዕቃ ደግሞ ሌላ ስሕተት ይጨምራል። 1 ግራም የሚለይ ሚዛን ይፈልጉ፤ እስከዚያው ከንብ አንቢ ቅባት ይጀምሩ፤ ለእርሱ የያዙት ሚዛን ይበቃል።